የእድሩ ጨው

በእድርተኛው ሁሉ እጅ ላይ ያለው አምባር በቀላ ቁጥር ዓይን ሁሉ እማማ ትርንጎ ላይ ያርፋል፤ ፊደል ያልቆጠረች ክኒኗን አትቆጥርም ይመስል። የአንዱ ሰው ደም ግፊት ሲወጣ የሁሉም አምባር ይቀላል እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም፤ እስኪወርድ ግን በየቤቱ ያለው የጨው ዕቃ ይቆለፋል። ይኸው ስምንት ቀን፣ የአራስ ገንፎ እንኳን ጨው አላየም።

“ነርሷን ያስመጣነው ለእርስዎ ነው፤ ግፊትዎ ወጥቶ ከተገኘ ከእድሩ ይሰረዛሉ፣ ቀባሪም የለዎት” አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ መንበሩ።

“እኔ ክኒኔን ከጸሎቴ አስቀድሜ ነው የምውጠው” አሉ እማማ። “አንተ መንበሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨው በሌለው ሽሮ ሲነጫነጭ ‘ጣፈጠኝ’ ያልከው አንተ ብቻ ነህ። ምን ነስንሰህበት ነው?”

እድርተኛው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ዳኛው ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

“በል አውጣው፤ ልኬቱ ከአንተ ይጀመር።”