የማግኔት ጠጠሮች

ስልኩ ሲጠራ ሲጠራ ቆይቶ፣ የልጁ አያት ያነሣሉ።

"አቤት፣ ማን ልበል?"

"የትናንቷ ባለልደት እናት ነኝ፣ እማማ።"

"አንቺ ነሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ። ምን ዓይነት ስጦታ ነው የሰጣችሁት? ቤቱን ሁሉ ሲመረምር ነው የዋለው።"

ለልደቱ እንግዶች በየከረጢቱ አጉሊ መነጽርና አምስት የማግኔት ጠጠር ያደለችው እሷ ናት፤ ጥርስ ከሚያበላሽ ከረሜላ ይሻላል ብላ፣ ዋጋውም ረክሶላት። ጎረቤቷ ነርስ ዛሬ ከልጇ ድርሻ አንዱን ከምንጣፉ ላይ ባታነሣው ኖሮ ምንም አታውቅም ነበር። "አንድ ቢዋጥ ይወጣል" አለቻት። "ሁለት ከሆኑ ግን አንጀቱን መሃል አስገብተው ይሳሳባሉ። ይበሱታል።" እሷ ራሷ የሳይንስ አስተማሪ ሆና ሳለ ይህ ውል አላላትም።

ሌሎቹ ወላጆች ቆጥረው ሙሉ ነው ብለዋታል። የቀረው ይህ ቤት ነው።

"እነዚያ ትንንሽ ጠጠሮች የት አሉ፣ እማማ?"

"አሁን መሳቢያ ውስጥ ናቸው እንጂ፣ እሱ መች ይለያቸዋል። ጠዋት ምላሱ ላይ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አጣብቆ፣ ጉትቻ አደረግሁ ብሎ በሳቅ ሆዴን አስያዘኝ።"

ጆሮዋን ወደ ስልኩ ያስጠጋችው ነርስ ዓይኗን ትጨፍናለች።

"እባክዎ ይቁጠሩልኝ።"

"በዚህ ዓይኔ? ቆይ፣ መነጽራችሁን ላምጣ።" መሳቢያ ይከፈታል። "ጉድ እኮ ነው፣ ጣቴ ዱላ አከለ። አንድ... ሁለት... ሦስት።"

አስተማሪዋ አራት እስኪሉ ትጠብቃለች።

"ሦስት ናቸው እንግዲህ።"

"ተጣብቀው እንዳይሆን፣ ደግመው ይዩልኝ።"

"አየሁ አልኩሽ እኮ። ምነው፣ ልታስመልሺያቸው ነው እንዴ? ያለቅሳል።"

"ልጁስ?"

"ተኝቷል። ሆዴን ሆዴን ሲለኝ ትኩስ ወተት አጠጣሁትና ለጥ አለ።"

ነርሷ የራሷን ስልክ አውጥታ አምቡላንስ መጥራት ጀምራለች።

"እማማ፣ ይቀስቅሱት። አሁኑኑ።"

"ምን ሆነሻል፣ ልጄ?" ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ሳቅ የለም። መልስም አልጠበቁም፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሰማታል። የነጠላ ጫማ ኮቴ ይርቃል። በር ይከፈታል።

"ድንቡሼ... ተነሣ እስቲ፣ ድንቡሼ።"

አስተማሪዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትጫነዋለች።

"ድንቡሼ" ይላሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ የተኛ ልጅ እንዳይደነግጥ በሚጠራበት ድምፅ።