ሲን

ማዳም የወርቅ ቀለበት ያለበትን ጣቷን የሠራተኛዋ የሉጥፊያ ልጅ አፍ ውስጥ ከትታ አዲስ የበቀለውን መንጋጋ ትነካካ ነበር። "አስር!" አለች፣ ሐኪሙ ፊት። "ዶክተሩ 'ሲንሃ ዐሽራ' ሲል ሰምተሻል። ስምንት ናት እያልሽ ስታታልዪኝ ከረምሽ! አስር ከሞላት ነገ ወጥ ቤት ትገባለች፣ ያላ!" ወፍራሟ ልጅ ወንበሩን ሞልታ፣ አፏን እንደከፈተች እናቷን ታያለች።

ሉጥፊያ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ ማዳም ቤት ጎንበስ ቀና ስትል የኖረችው ልጇ ትምህርት ቤት እንድትውል ነበር እንጂ ሌላ ሠራተኛ ልታሳድግላት አልነበረም። "ስምንት ናት፤ የወለድኳት እኔ ነኝ" አለች። "በቅሎ ልትገዢ ነው እንዴ ጥርስ የምታዪው? አውጪ እጅሽን!" ሐኪሙ ተደናግጦ ቀና አለ። "እኔ አስር ያልኩት ጥርሷን ነው" አለ። በአረብኛ ሲን ጥርስም ነው፣ ዕድሜም ነው። "ወፍራም ልጆች ጥርሳቸውም አጥንታቸውም ከዕድሜያቸው ይቀድማል። ስምንት ልትሆን ትችላለች።"

ማዳም ጣቷን አላወጣችም። "ታዲያ ማን አወፈራት? የኔ ዳቦ አይደል? የኔን በልታ ለኔ ትሠራለች!" ሉጥፊያ ከዚህ በኋላ በአረብኛ አልመለሰችላትም። ወደ ልጇ ጎንበስ አለችና በአማርኛ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች።

"ንከሻት!"

ካርቱም የተወለደችው ልጅ አማርኛ ብዙም አይገባትም ነበር። ይህቺ ግን ገባቻት።