የብሌን ግራ እጅ

መምህር አስናቀው ጥያቄውን ሳይጨርስ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በሙሉ እጁን አነሣ። ያቀረቀረ አንድም የለም። ከሌሎች ወላጆች ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተጣብባ የተቀመጠችው የትነበርሽ አንገቷን አስግጋ ልጇን ብሌንን ፈለገቻት። ብሌንም አንሥታለች። እናት ደስ ሊላት ሲገባ ጥርጣሬ ገባት።

ቤት ውስጥ እኮ እንዲህ አይደለችም። ትናንት የማዳበሪያው ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢልኝ ብትላት ጨልሟል አለች፤ ከዚያ በፊት በጠራራ ፀሐይ ስትጠይቃት ደግሞ ራሷን አሟት ነበር። ካርዷ ላይ ግን ውጤቷ ዘጠና ምናምን ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። የትነበርሽ ደግሞ ሲፈጥራት ተጠራጣሪ ናት፤ እንቁላል እንኳ ጆሮዋ ሥር ሳትነቀንቅ አትገዛም።

ጥግ ላይ ከከተማ የመጣው የትምህርት ኢንስፔክተር ተቀምጧል። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ በወጣው አዲስ መለኪያ ሊመዘን ነው። ካለፈ ለከርሞ ሰባተኛ ክፍል እዚሁ ይከፈትለታል፤ ከወደቀ ልጆቹ ድብ ባሕር ከተማ ሄደው፣ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ሴት ልጅን ለብቻዋ ቤት ተከራይቶ ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ የአገሩ እናት ሁሉ ያውቃል፤ የትነበርሽንም እንቅልፍ የነሣት እሱ ነው። ኢንስፔክተሩ ጧት ርዕሰ መምህሩ ቤት ቁርስ ሲበላ ግን አይታዋለች። እሱም አልጣማትም።

አንዱ ልጅ ተጠርቶ መልሱን እንደ ዳዊት ደጋሚ አንበለበለው። ሌላዋም ተጠርታ እንዲሁ። መምህሩ በጠየቀ ቁጥር የሁሉም እጅ ይነሣል፤ የሚጠሩት ግን እነዚያው ናቸው። የትነበርሽ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ብሌን ያነሣችው ግራዋን ነው። ቀኟን ምን ነካት? ዛሬ ጧት እንኳ እንጨት ስትፈልጥ ነበር። ከጎኗ ያለውም ልጅ ግራውን አንሥቷል። መስኮቱ ሥር ያሉት ሁለቱም እንደዚያው። የመምህሩ ዐይን ባዶ ወንበር እንዳየ ሁሉ እያለፋቸው ይሄዳል።

ልጆቹ ይውጡ፣ ወላጆች ይቆዩ ሲባል የትነበርሽ በሩ ላይ የልጇን ክንድ ያዘች።

"ምነው ግራሽን አነሣሽ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ብሌን ወደ መምህሩ ገልመጥ አለች። "የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን አንሡ ተብለናል። እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።" ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ "አትቆጭኝ እምዬ። ተጠርቼም አላውቅ" አለች።

የትነበርሽ አልተቆጣችም። ቁጣ ቢሆን በቀለላት። ልጇ ያን ሁሉ ጊዜ እጇን ሰቅላ ስትቀመጥ አንድ ሰው "አንቺስ?" አላላትም፤ እናቷም ብትሆን ካርዱን አይታ ዝም ብላለች። ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ርዕሰ መምህር ህሩይ ስለ ትምህርት ቤቱ እድገት አስረዝሞ ተናገረ፤ ወላጁ ከጎናችን ከቆመ ሰባተኛ ክፍል እጃችን ገባ አለ። ጭብጨባው ሲበርድ ኢንስፔክተሩ ወደ ወላጆቹ ዞረ።

"ልጆቻችን በደንብ ያነባሉ የምትሉ እጃችሁን አሳዩኝ።"

እጆች ተነሡ። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አያ ቢሻው፣ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

"አንሺ እንጂ። ሸጋ ነገር በደጃችን ሊያልፍ ነው። ልጅሽን ለድብ ባሕር ልትሰጫት ነው?"

እውነታቸውን ነው። ብታነሣ ብሌን ማንበብ ሳትችል ሰባተኛ ትገባለች፤ ባታነሣ ሰው አገር ትሄዳለች፣ ወይም ጨርሶ ትቀራለች። የትነበርሽ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ግራዋን ከፍ አድርጋ አነሣች።

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ ዐይኑን ከጥግ እስከ ጥግ አዞረ። "በሙሉ ድምፅ" ብሎ ወደ ጽሑፉ አቀረቀረ። ሰሌዳው አጠገብ የቆመው መምህር አስናቀው ግን ያችን ግራ እጅ አያት፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሌሎቹ እጃቸውን አወረዱ። አያ ቢሻው በቃ አውርጂው ብለው ነጠላዋን ጎተት አደረጉ። የትነበርሽ ዐይኗን ከመምህሩ ሳትነቅል እንዳነሣች ቀረች። እሱ ራሱ እስኪጠራት ድረስ አታወርደውም።