የሚጨልመው ስክሪን

ግንቦት ስድስት፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሴትዮዋ ላፕቶፗን ታቅፋ የኮምፒውተር ጠጋኙ የሚልክያስ ሱቅ ለሦስተኛ ጊዜ ገባች።

«ደግሞ ጠፋ?» አላት ሚልክያስ እየሳቀ።

«ልጽፍ ስቀመጥ ድርግም ይላል! ሰኞ ሪፖርቴን ካላስረከብኩ ከሥራ መባረሬ ነው። ጎረቤቴማ ጠበል ርጪበት ብላኛለች።»

«ኧረ ውሃ እንዳታስነኪው! እኔ ጋ ሳምንት ሙሉ ሲያድር አንድም ቀን አልጠፋም እኮ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ ከሌላ ስክሪን ጋር ሞከርኩት፣ ደህና ነው። እውነቱን ንገሪኝ፤ በክዳኑ አንጠልጥለሽ ታነሺዋለሽ? እስክሪብቶ ውስጡ ትተሽ ትዘጊዋለሽ?»

«እኔ? እንደ እንቁላል ነው የምይዘው!»

«በይ እስቲ እዚሁ ጻፊ፣ ልይሽ።»

ተቀምጣ ሁለት ቃል እንደጻፈች ስክሪኑ ጨለመ። ሚልክያስ ግራ እጇን አየና ከት ብሎ ሳቀ። አንጓዋ ላይ የሰፋት የወንድ ሰዓት አለ፤ ማሰሪያው የሚገጥመው በማግኔት ነው።

«ተገኘ! ላፕቶፑ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው። ሰዓትሽ ሲጠጋው የተዘጋ ይመስለዋል። በቃ፣ ፈትተሽ ቀኝ እጅሽ ላይ እሰሪው።»

«አይሆንም።»

«ምነው፣ ተጣብቋል እንዴ?»

«ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በገዛ እጁ ነው ያሰረልኝ። ከዚያ ወዲህ አልተፈታም።»

ሚልክያስ ጥቁር መልበሷን ያየው ያን ጊዜ ነው።

ሪፖርቱን በቀኝ እጇ ብቻ ጽፋ ሰኞ አስረከበች።