የሰው እጅ

«አይነካኝም ብያለሁ!» አለ ግንበኛው፣ በደህናው እጁ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ። ቀኝ ጎኑ ሽባ ከሆነ ሁለት ወሩ ነው። ቃላቱ ከአፉ የሚወጡት እየተጎተቱ ነው፤ ቁጣው ግን ቅንጣት አልጎደለም።

ሚስቱ በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ስታጥበው፣ ስታገላብጠው የቆየችው እሷ ነበረች። ባለፈው እሑድ ከአልጋ ልታነሳው ስትታገል ወገቧ ቀጭ አለና ሐኪሙ እንኳን ሰው ባልዲም እንዳታነሳ አዘዛት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሰውነቱን አልነካውም። ክፍሉ ምን ምን እንደሚሸት ሁሉም ያውቃል፤ ከሁሉ ይልቅ እሱ ያውቃል።

«ታዲያ ማን ይጠብህ? መልአክ ይውረድልህ?»

«ልጄ ትምጣ።»

«ልጅህ ትናንት ብትመጣ ‹ራቁቴን ከምታየኝ መሬት ትዋጠኝ› ብለህ መለስካት። ዛሬ ባሏን ብትልክ ይኸው! እኔ እንግዲህ ወገቤን እንጂ ጠባይህን አልችለውም» አለችና እያነከሰች ወደ ማድቤት ሄደች።

ሁለቱ ወንዶች ብቻቸውን ቀሩ። አማቹ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ አልጋው አጠገብ ቆሟል። እግሩ ሥር ለብ ያለ ውሃ የሞላ ሳፋ አለ።

ግንበኛውን ሰፈርተኛው ‹ውሃልክ› ይለዋል። በአርባ ዓመት ሥራው አንድ ግድግዳ ጠመመበት ተብሎ አያውቅም። ኩሩ ነው፤ ጸሎተኛም ነው። ማለዳ ማለዳ ተንበርክኮ «ጌታዬ፣ የሰው እጅ አታሳየኝ» ሳይል ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ከታመመ በኋላ ግን መጸለዩን ተወ። ሚስቱ ብትጠይቀው «ተኳርፈናል» አላት።

ይኼ አማቹ ደግሞ ከስምንት ዓመት በፊት በሥሩ የቀን ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን የገነባው ግድግዳ አዘመመና ውሃልክ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ጣለው። «ጠማማ! ከዓይኔ ጥፋ!» ብሎ ልጁን አባረረው። ያው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ልኮ ሴት ልጁን ጠየቀ። ልጅቷ ወደደችው፣ ተጋቡ። አባትየው ግን በሠርጓ ቀን «አሞኛል» ብሎ ከቤት ቀረ። ያን ጊዜ ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም ነበር።

«አባባ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ እግርዎን ብቻ ልጠብና ልሂድ» አለ አማቹ።

«ይቺን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅካት? እንዲህ ተዘርሬ ልታየኝ?»

አማቹ ከሳፋው አጠገብ በርከክ አለ።

«እውነቱን ልንገርዎ? ያኔ ክፉዎን ተመኝቼ ነበር። መታመምዎን ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ራሴን ጠበቅኩት። አላለኝም። አባቴ ሲታመም እኔ ሩቅ ነበርኩ፤ የቀን ሥራ ፍለጋ። አጥቦ ያስተኛው ጎረቤት ነው፣ የቀበረውም ጎረቤት ነው። ስደርስ አፈሩ ደርቋል።» እጁን ሳፋው ውስጥ ነከረ። «ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔርን ሌላ ነገር አልለመንኩትም። የምጦረው አባት ስጠኝ ነው የምለው።»

ውሃልክ ጣራውን ትክ ብሎ አየ። አንዱ የሰው እጅ አታሳየኝ ይላል፣ ሌላው እጄን የማሳርፍበት አባት ስጠኝ ይላል፤ ሁለቱም ልመና አንድ ደጅ ሲደርስ ኖሯል።

«የኔን ትቶ ያንተን ሰማ በለኛ» አለ በመጨረሻ። ምሬት ነበር፤ ግን በደህናው የከንፈሩ ጫፍ በኩል ትንሽ ፈገግታም ሾልኮ ወጣ።

ውሃልክ የጨመደደውን ብርድ ልብስ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት ለቀቀው።

አማቹ ከእግሩ ጀመረ። ተረከዙን፣ በጣቶቹ መሐል፣ አርባ ዓመት መሰላል የረገጠውን ውስጥ እግሩን። የደረቀ ሲሚንቶ እንደሚያስለቅቅ ሰው በትዕግሥት አሸው። ቀስ ብሎ ደግፎ አስቀመጠውና ወደ ጀርባው ዞረ።

«ጠበቅ አድርገው። ዱቄት ነው እንዴ የምትነካው?»

«እሺ አባባ።»

ውሃው በአከርካሪው ላይ ሲወርድ ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ የወረደው ግን የሳፋው ውሃ አልነበረም።

«ያ ግድግዳህ…» አለ። «ያዘመመው ሁለት ጣት ብቻ ነበር። ባልጥለውም ይቃና ነበር።»

«ሦስት ጣት ነበር አባባ።»

«ሁለት ነው። ለክቼዋለሁ።» አንገቱን ደፍቶ «በደልኩህ» አለ፤ ቃሏ እንደ ድንጋይ ከብዳ ነው የወጣችው።

አማቹ እጁን ሳያነሳ ማሸቱን ቀጠለ። ማሸቱ ብቻ ለሰስ አለ።

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ እርጥብ ትከሻውን ስታሞቀው፣ ውሃልክ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ድሮ በሚጸልይበት ዝግ ያለ ድምፅ «እሺ» አለ።

«አቤት አባባ?»

«አንተን አይደለም።»

ሚስቱ የቤቱን ዝምታ ፈርታ በሩን ገፋ ስታደርግ፣ ባሏ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁልፉ እስከ ግማሽ ተቆልፎለት፣ ራሱን አማቹ ትከሻ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል። አማችየው አንገቱን ሳያንቀሳቅስ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከእጅጌው የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።