ከጎንደር የመጣ አረማመድ

ከጎንደር የመጣው አዲሱ የአቋቋም ዝማሬ መምህር መቋሚያውን ይዞ ዘመመና ግራ እግሩን ዘግየት አድርጎ ሳባት። ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የደብሩን ነባር መምህር መሪጌታ መርሻን ምራቃቸው መረራቸው። በወጣትነታቸው በቅሎ ጥላ ግራ ጉልበታቸውን ከሰበረቻቸው ወዲህ ዕድሜ ልካቸውን እያነከሱ አስተማሩ፤ እንዲህ ተደንቆ ያያቸው ተማሪ ግን አልነበረም።

«የኔታ» አለው የገዛ ተማሪያቸው እንግዳውን፣ «ይህን አረማመድ ከማን ተማሩት?»

የኔታ መባሉ እንደ እሾህ ወጋቸው።

«ከመምህሬ። እሳቸው ደግሞ በተማሪነታቸው እዚሁ ደብረ ታቦር ተምረው ነው ጎንደር ያስገቡት። ያስተማሯቸው መሪጌታ ግራ እግራቸውን እንዲህ ይስቡ ነበር አሉ፤ ስማቸውን አልነገሩኝም።»

መሪጌታ መርሻ አቀርቅረው ግራ ጉልበታቸውን አዩ። እሳቸው ከዚህ ደብር ንቅንቅ ሳይሉ፣ ያቺ ጉልበት ጎንደር ደርሳ ከብራ ተመለሰች። አሁን ደግሞ የገዛ ጉልበታቸው አስቀናቻቸው።