ራስ ምታቱ

ልብስ ሰፊው ጡጫውን ደረቱ ላይ እንደተከለ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ከሸሚዝ ቁልፎች ቆርቆሮ ውስጥ ያወጣችለትን የልብ ኪኒን ከምላሱ ሥር ካደረገ አምስት ደቂቃ አልፎታል፤ ጡጫው ግን አልላላም። አምቡላንስ ጠርታለች፤ «መንገድ ላይ ነን» ብለዋታል። ግንባሩን በመዳፏ ስትጠርግለት ላቡ በረዶ ሆነባት።

«ራስህንስ አመመህ?» አለችው።

«እሱስ ተመስገን፣ ዛሬ ምሮኛል» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

እጇ ባለበት ቀረ። ይህን ኪኒን በወሰደ ቁጥር ራሴ ተፈለጠ እያለ ቤቱን የሚያምስ ሰው ነበር። ፋርማሲስቷ «የደም ሥር ስለሚያሰፋ ነው፤ ከጠርሙሱ ግን እንዳታወጡት፣ አየር ያደክመዋል» ብላቸው ነበር። እሱ ደግሞ ክዳኑ ለጣቶቼ አስቸገረኝ ብሎ ከቁልፎቹ ጋር ደባልቆት ከርሟል። መሳቢያውን ጎትታ፣ መቀሱንና ሜትሩን በትና፣ የኪኒኑን ሌላ፣ ገና ያልተከፈተ ቡናማ ጠርሙስ አገኘችና ክዳኑን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አሽከረከረችው።

አዲሱን ኪኒን ከምላሱ ሥር አስገብታ ጡጫው ላይ አፈጠጠች። ብዙ ቆይቶ አውራ ጣቱ ተነሳ። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ እጁም ከደረቱ ተላቆ ወደ ግንባሩ ወጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ራሴን ፈለጥሽው እኮ!»

«እሰይ! ይፍለጥህ!» አለችና ለደንበኛ በተተኮሰው ሱሪ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።